ከቦረቦሩ ወዲህ

መጋቢት 9

የበልግ ድንች ስንተክል ዋልን። ወገቤ የእኔ አልመስል አለኝ። ሰላማዊት ምሳ ይዛ መጣች… ሽሮው ጨው የለውም። ምንም አላልኩም። ብናገር «ምራቷን የምታሰቃይ» እባላለሁ፤ ዝም ብልም መባሌ አይቀርም።

ደረጄ የሆነ ነገር ሊነግረኝ ፈልጎ ዋለ። ልጄ አይደል፣ አውቀዋለሁ። ነገር ሲከብደው አፍንጫውን ያሻል። ዛሬ አፍንጫው ቀልቶ ዋለ። አልጠየቅኩትም። ራሱ ይናገር።

መጋቢት 12

ተናገረ። ከሚካኤል ስንመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ሚስቱን ወደ ኋላ አስቀርቶ።

«እማዬ፣ ቤት ልሠራ ነው።»

«ሥራ። ማን ከለከለህ?»

«አያ ሙላቴ መሬት ሰጠኝ። ከቦረቦሩ ወዲያ ያለውን… ሜዳውን።»

«የትኛውን ሜዳ?»

«አዲሱን። ድንጋዩ ቢለቀም አፈሩ እኮ…»

«እህቴ ላይ?»

አፍንጫውን አሸ።

«እህቴ ላይ ምሰሶ ልትተክል ነው?»

«አክስቴም ናት እኮ» አለኝ። በቀስታ። በቀስታ መናገሩ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ሙላቴ መሬት ሰጪ ሆነ! ሚስቱን ከሥሩ ቀብሮ ከላይ ለልጄ ይሰጣል።

መጋቢት 13

ይህን እስካሁን አልጻፍኩትም።

ፊደል የቆጠርኩት በሽበቴ ነው። ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት እየጎተተች የወሰደችኝ ታናሽ እህቴ ፍቅርተ ናት። እሷ ፊደሎቹ ሲምታቱባት ስቃ ተወችው። እኔ ቀረሁበት። ለምን እንደምማር አላውቅም ነበር… ለዚህ ነበር?

አምና፣ በፍልሰታ። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ቀኑንም አላባራም። እኔ ከቦረቦሩ ወዲህ፣ ከቤቴ ደጅ። ፍቅርተ ከወዲያ፣ ከቤቷ ደጅ። በመካከላችን ጎርፉ ይጮሃል። ክረምት ክረምት እንዲህ ነበር የምናወራው፣ እየጮህን። ድንገት ውኃው ጎደለ። ዝናቡ እየዘነበ ውኃው ጎደለ! «እሰይ፣ አበቃ!» አለችኝ። ወደ እኔ ልትሻገር ወረደች። ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ።

መጀመሪያ የሰማው እግሬ ነው። ከዚያ ሽታው መጣ… ወፍጮ ሲወቀር የሚሸተው፣ የተፈጨ ድንጋይ ሽታ። ከዚያ አየሁት። ውኃ አልነበረም። ግንባሩ ድንጋይ ብቻ ነው። የጎጆ ያህል ድንጋይ እንደ ቅል ተንሳፍፎ ይመጣል። ባሕር ዛፍ እንደ ቆመ ይሄዳል። ዛፍ ቆሞ ሲሄድ አይቻለሁ። ጮህኩ። የራሴን ጩኸት አልሰማሁትም።

ከታች ቁልቁለቱ ሲላላ ወደ ወዲያ ዞረና ተዘረጋ። ቤቷን፣ ጎተራዋን፣ የሙላቴን ማሳ ሁሉ ሸፈነው። ከዚያ ቆመ። እንደዚያ ሲጋልብ የመጣ ነገር ዝም ብሎ ቆመ።

ሳምንቱን ሙሉ ተቆፈረ። አልተገኘችም። አንድ ጋኗ ግን ከድንጋዩ ላይ ቆሞ ተገኘ፣ ሳይሰነጠቅ። ጋን ተርፎ ሰው… አባ ገብረየሱስ ፍትሐቱን ከድንጋዩ ዳር ቆመው አደረሱላት። ሬሳ በሌለበት አለቀስን።

ባሏ የት ነበር? አንበሳሜ ገበያ። ላይ ላለው ማሳው በየዓመቱ በሰያፍ ፈሰስ፣ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ያወጣለታል፣ ጎርፍ እህሉን እንዳይወስድበት። የፈሰሱ ጫፍ የት ነው? ቦረቦሩ ላይ። ስንት ጊዜ ተናገርኩ። የእሱ እህል ተረፈ።

መጋቢት 21

ልጄን አስገዘትኩት።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ገብረየሱስ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። አባ አልፈለጉም።

«አሰለፈች፣ ግዝት ጨዋታ አይደለም። ምከሪው፣ ይበቃል።»

«መክሬዋለሁ።»

«እንግዲያ ምን ብዬ ልገዝት?»

«በሙላቴ መሬት ላይ ቤት እንዳይሠራ።»

«በዚያ በሜዳው ማለትሽ ነው?»

«የትም። የሙላቴ በተባለ መሬት ሁሉ።»

«ሁሉ?» አሉኝ፣ መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሁሉ፣ አባ።»

በማርያም ገዘቱት። ደረጄ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ሰላማዊት ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ነበር። ስናልፍ አላየችኝም። ወይም አይታኝ ነው ያላየችኝ።

ሚያዝያ 2

ደረጄ ከቤቴ ጎን የምሰሶ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ከቦረቦሩ ወዲህ። አባቱ ካቀናው ቦታ። እዚህ ጎርፍ ሲደርስ ያየ ሰው የለም፣ ያባቱ አባትም አላየም። አያናግረኝም፤ ይቆፍር ብቻ። እናት ታሳዝን ይሆናል እንጂ አትገድልም።

ጠዋት ጠዋት ወዲያ ማዶውን አያለሁ። ማየት አልፈልግም፣ ግን ደጄ ወደዚያ ነው። ከድንጋዩ መሐል ገብስ በቅሏል። ብቻውን፣ እንደ ምንጣፍ። ጎተራዋ ከተቀበረበት ላይ መሆን አለበት፤ የበልጉ ዝናብ አግኝቶት። ማንም አልዘራውም። ሙላቴ ከብት አያስደርስበትም ይላሉ። ዳሩ ላይ ሲቀመጥ አየዋለሁ። ምን ያያል?

ሚያዝያ 18

ዛሬ ጠብ ነበር።

ከደብረ ታቦር፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ አንዲት ልጅ መጣች። የወንድ ቦት ጫማ፣ ሰፊ ባርኔጣ። ድንጋዩ ላይ እየወጣች በቀይ ቀለም ቁጥር ትጽፋለች። ጎረቤቴ ዓይናለም እየሮጠች መጣች፦ «እቴ፣ መሬቱ ለባለሀብት ተሰጠ! ቀይ ቀቡት!» ዓይናለም ቀይ ነገር ካየች ባለሀብት ነው። የአባቷን ቀይ በሬም ለባለሀብት ሳትሰጠው አልቀረችም።

እኔ ግን ባለሀብቱ አልታየኝም። ተሻገርኩ። አምና ከዚያ ወዲህ ተሻግሬ አላውቅም።

«አንቺ! በሰው ላይ ቀለም ትቀቢያለሽ?»

ልጅቷ ደነገጠች። ዙሪያውን ታያለች፣ ሰው ፍለጋ።

«ከሥርሽ ነው። እህቴ ናት።»

ቀለሙን አስቀመጠች። ቁጭ አለች፣ እዚያው ጭቃው ላይ። ይቅርታ አለች እንጂ ብዙ አላወራችም። ርብቃ ነው ስሟ። ያ ዝምታዋ ባይኖር ደብድቤአት ነበር።

ሚያዝያ 20

ርብቃ ዛሬም መጣች። ደጄ ላይ ውኃ ለመነች፣ ሰጠኋት።

«እናንተ ጎርፍ ትሉታላችሁ» አለችኝ። «ጎርፍ ውኃ ነው፣ እማማ። ይኼ ውኃ የጠጣ መሬት ነው። የምርጊት ጭቃ ያውቁ የለ? ዘንበል ሲያደርጉት ይሄዳል፣ ሲደላደል ይቆማል።»

ውኃው ለምን ጎደለ አልኳት። ይህን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ላይ፣ ጉና ገደል ሥር፣ መሬት ተንዶ ቦረቦሩን ዘግቶት ይሆናል አለች። ውኃው ከኋላ ይጠራቀማል፣ ታች ያለው ሰው አበቃ ይላል። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ይነሳል። ሲወርድ ያገኘውን እየላሰ፣ እየወፈረ። ትልልቁ ድንጋይ ወደ ፊትና ወደ ዳር ይገፋል፣ ዳርና ዳሩን ለራሱ ካብ ይክባል። ቀጭኑ ጭቃ ከኋላ ይከተላል።

«እንግዲያ ሰውስ?» አልኳት። «ሰውን የት ያስቀምጣል?»

ባርኔጣዋን አወለቀች። «አላውቅም፣ እማማ። ብናገር ውሸት ነው።»

ሌሎቹ ሁሉ እዚህ ትሆናለች፣ እዚያ ትሆናለች ሲሉኝ ነው የከረሙት።

ፈሰሱንም ጠየቅኋት። የሙላቴን። ነገሩ የተነሳው ከላይ ነው፣ ፈሰሱ ውኃ ጨምሮ ሊሆን ይችላል አለች። ጨምሮ! ጨምሯል አለች ማለት ነው። ይበቃኛል።

ሚያዝያ 27

ምነው ባትነግረኝ።

ርብቃ የደረጄን ጉድጓዶች አየች። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ማገሩ ተጀምሯል። ቆማ ቀረች።

«ይህ የማን ነው?»

«የልጄ።»

«እማማ… እዚህ ባይሠራ።»

«እዚህ ጎርፍ ደርሶ አያውቅም።»

«አዎ። ያኔ ቦረቦሩ ክፍት ስለነበረ ነው።» በእጇ አሳየችኝ። አምና የመጣው ድንጋይ የቦረቦሩን አፍ ደፍኖታል። ወዲያ ማዶው በድንጋዩ ከፍ ብሏል፣ እንደ ጉብታ ሆኗል። ዝቅ ያለው አሁን የእኛ ወገን ነው። የሚቀጥለው ከመጣ በቀድሞ መንገዱ አይሄድም፣ ዝቅ ወዳለው ይዞራል። «ዘንድሮ ይመጣል አልልዎትም። የላላ አፈር ግን ላይ ገና አለ።»

«የት ይሥራ ታዲያ?»

ወዲያ ማዶ ካለው ሸንተረር ላይ ያለውን አውድማ አሳየችኝ። ነፋስ የሚመታውን ከፍታ። «እዚያ አይደርስም።»

የማን አውድማ ነው? የሙላቴ።

ሚያዝያ 28

አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 30

ደረጄ ማገር ሲመታ ዋለ። ግድግዳው ደረቱ ደርሷል። መዶሻው በመታ ቁጥር ምድሩ ከሥር የሚመልስለት ይመስለኛል። እህል ስወቅጥም እሰማዋለሁ። ሙቀጫውን አቁሜ እሰማለሁ… ምንም የለም።

ልጅቷ ታውቃለች? ገና ልጅ ናት። መጽሐፍ ነው የሚያናግራት።

ግንቦት 3

ራሴ ሄድኩ። ሁለት ጄሪካን ውኃ በአህያ ጭኜ። ዓይናለም መንገድ ላይ «ድንጋይ ልታጠጪ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። አዎ አልኳት።

ከተደፈነው አፍ በላይ ቆሜ ውኃውን ለቀቅኩት። ትንሽ ዋለለ። የሙላቴን ወገን ነካ አደረገና ተመለሰ። ድንጋዩን ዞረ። ከዚያ እንደ እባብ… ወደ እኛ። ቁልቁል፣ ወደ ደረጄ ምሰሶ አቅጣጫ። አፈሩ እስኪጠጣው ድረስ ቆሜ አየሁት። ሁለተኛውንም ለቀቅኩ። ያው ነው።

እንግዲህ እናት ምን ሠራሁ? ልጄን ከሞተው መንገድ ላይ አንስቼ ሕያው መንገድ ላይ ተከልኩት። በማርያም ስም አስሬ።

ግንቦት 5

ነገርኩት። ሰላማዊትም ነበረች።

ደረጄ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

«አሁን የት ልሂድ? ወዲያ ማዶው ግዝት ነው። አውድማው ግዝት ነው። ወዲህ ጎርፍ ነው። ባሕር ዳር ሄጄ አስፋልት ላይ ልተኛ?»

«ግዝቱን አስፈታልሃለሁ።»

«ግዝት ቀበቶ ነው? ስትፈልጊ የምታስሪው፣ ስትፈልጊ የምትፈቺው?»

ሰላማዊት አቋረጠችው። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፦ «እማማ፣ መቼ ይሄዳሉ አባ ዘንድ?» አለችኝ። ያ ብቻ። ጨው የማታውቅ ልጅ… ቀጥታ የምትናገር እሷ ሆነች።

ግንቦት 12

አባ ገብረየሱስ እንቢ አሉ። እንቢ እንኳን አይደለም…

«ግዝቱን ያቆምሽው በልጅሽ ላይ ብቻ መሰለሽ? በሙላቴ መሬት ላይ አቆምሽው። ከሙላቴ ጋር መጥታችሁ አንድ ላይ ቁሙልኝ፣ እፈታለሁ።»

«ከእሱ ጋር አልቆምም።»

«እንግዲያስ ከልጅሽ ጋር ጎርፉን ጠብቂ።»

ቄስ እንዲህ ይናገራል? ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ መልስ ነበረኝ።

ግንቦት 14

ዘነበ። ትንሽ ነው፣ ካፊያ። ቀኑን ሙሉ ደጅ ቆሜ ዋልኩ። ማዶው ገብስ አሽቷል።

ግንቦት 16

ሙላቴ ጋ ሄድኩ።

ቤት ማለት አይቻልም። ከአውድማው ሥር በሣር የከደናት አንዲት ጎጆ ናት። በሬዎቹን ሲያበላ ነበር። ስመጣ ሲያየኝ ተነሳ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። መቼ?

«እትዬ አሰለፈች… ይግቡ። ይቀመጡ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም።»

ነገርኩት። ውኃውን፣ ልጅቷን፣ ግዝቱን። አውድማህን ስጠው አላልኩም፣ አፌ አልቻለም። እሱ ነው ያለው።

«አውድማው ይሆነዋል። ሰፊ ነው። የእርስዎም ቤት ይወጣዋል።»

«ስለ እኔ ማን ጠየቀህ?»

«አልጠየቁኝም።»

ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ አለ። እንደዚህ በቀላሉ። ጥቂት ቢያስለምነኝ፣ አንድ ክፉ ቃል ቢናገረኝ እንዴት በተሻለኝ። ምንም። ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ የልቤን ሁሉ ሰጥቶኝ።

ግንቦት 17

ተፈታ።

አባ ከመቅደሱ በር ቆሙ። ሙላቴ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ ደረጄ መሐል ተንበርክኮ። ምን እንደ ደገሙ ግእዙን አላውቀውም። ሲጨርሱ «ይቅር ተባባሉ» አሉ።

ሙላቴ «ይቅር ይበሉኝ» አለ።

እኔ የመቅደሱን በር አያለሁ። 

«አሰለፈች?»

«ግዝቱ ይፈታልኝ ነው ያልኩት፣ አባ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። መስቀሉን ዘረጉ። «ተሳለሙ» ብቻ አሉ። ከሙላቴ ከንፈር በኋላ እንዳልሳለም ተሽቀዳደምኩ። ቀድሜ ደረስኩ። ዓይናለም ይህን ብታይ ክረምቱን ሙሉ ታወራው ነበር።

ደረጄ ሲነሳ እጄን ሳመ። ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያው።

ሰኔ 1

ደቦ ነበር። የቆመውን ምሰሶ ነቅለው፣ ማገሩን ፈተው፣ ቦረቦሩን አሻግረው አውድማው ላይ ተከሉት። ወንዶቹ ሲሳለቁ ዋሉ። ቤት ተነቅሎ ሲሄድ አይተው አያውቁም። ጠላው ግን ሲመጣ ሁሉም አመነ።

ዓይናለም፦ «እቴ፣ አውድማ ላይ ቤት? ነፋሱ እንደ ገብስ ያበጥራችኋል! እብቁ ወደ እኔ ይምጣ፣ ፍሬው ለሙላቴ ይቅር።»

«አንቺ ከእብቁ ጋር ትሄጃለሽ» አልኳት። ሁሉ ሳቀ። ሙላቴም። ሲስቅ ፍቅርተ የምትለው ትዝ አለኝ፣ «ሙላቴ ሲስቅ በሬ ሲያዛጋ ይመስላል» ትል ነበር። ፊቴን አዞርኩ።

ሰኔ 25

ደረጄና ሚስቱ ገቡ። እኔ አልሄድም ብዬአለሁ። ቤቴ ቤቴ ነው። እዚህ ወለድኩ፣ እዚህ ባሌን ሸኘሁ። ከጎርፍ ተርፌ በሙላቴ ደጅ ልኑር?

ደረጄ በየቀኑ ይመጣል። እየለመነ። «አንቺ ከሌለሽ እኔም እዚህ አድራለሁ» አለ። አድሮ ያሳየኝ እንደሆነ አየዋለሁ አልኩት።

ሰኔ 27

አደረ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ አደረ። ይህን ልጅ ከማን ነው የወለድኩት?

ሰኔ 28

ሰላማዊት መጣች። ምንም አልተናገረችም። ወፍጮዬ ጋ ሄዳ መጁን አነሳች፣ በነጠላዋ አዘለችውና ወጣች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ።»

«መጄን!»

«ያለ መጅ ምን ፈጭተው ይበላሉ?» አለችኝ ሳትዞር። «ይምጡና ይውሰዱት።»

እስከ አውድማው ድረስ እየተራገምኩ ተከተልኳት። ቁልቁል፣ ከዚያ ሽቅብ። ስደርስ አልጋዬ ተነጥፏል። ሰድቤ ስጨርስ መሽቶ ነበር፣ መንገዱም ጭቃ ነው። አደርኩ።

ሐምሌ 7

አሁንም እዚህ ነኝ። ነፋሱ አያስተኛም። ሙላቴ ማታ ማታ በሬዎቹን ሲያስር ደጅ ላይ ሰላም ይላል። አንዳንድ ቀን እመልሳለሁ።

ሐምሌ 22

ጭጋግ። ጉና አይታይም። ከጭጋጉ ውስጥ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ፣ አንድ ብቻ። እህሉን ትተን ሁላችንም ደጅ ወጣን። ከዚያ ምንም የለም።

ነሐሴ 11

ፍልሰታ። ዓመቷ ነው። አባ ገብረየሱስ ከድንጋዩ ዳር ጸሎት አደረሱ። ገብሱን ማንም አላጨደው፣ ወድቋል። ሙላቴ ከወዲያ ጥግ፣ እኔ ከወዲህ ጥግ ቆምን።

ነሐሴ 18

ዛሬ ካልጻፍኩ…

ከምሳ በኋላ ነው። ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላቆመም። ደረጄ ከአሮጌው ቤት የቀረውን በር ነቅሎ ሊያመጣ ወርዶ ነበር። በሩ ደህና እንጨት ነው፣ ይበሰብሳል አለ። በር! እኔ፣ ሰላማዊትና ሙላቴ ደጅ ላይ ነን።

ሰላማዊት ናት ያስተዋለችው። «ውኃው ዝም አለ።»

ዝም ብሏል። ዝናቡ እየዘነበ። ቦረቦሩ ሥር የነበረው ጩኸት ሁሉ የለም። ማዶ፣ ቤቴ ደጅ፣ ደረጄ በሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ አየሁት። ቆመ፣ ወደ ቦረቦሩ አየ። ልክ እንደ ፍቅርተ።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ብጮህ ወደ እኔ ያያል… ቆሞ እኔን ያያል። ፍቅርተም እንዲህ ነበር የሆነችው።

ሙላቴ ነው የጮኸው። ሽማግሌ መሆኑን የረሳ ድምፅ። «ደረጄ! ጣለው! ወደ ዓይናለም፣ ሽቅብ! ሽቅብ!» ውኃው ዝም ስላለ ቃሉ አንድ ባንድ ተሻገረ። ልጄ በሩን ጣለ። ወደ እኛ ቀና አላለም። ሽቅብ ሮጠ፣ በእጁም በእግሩም፣ በጭቃው ላይ።

ከዚያ እግሬ ሰማ። ከዚያ ሽታው።

ድንጋዮቹ ፊት ፊት እየተጋፉ መጡ። ከተደፈነው አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ ተቆለሉ… ቆሙ ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ ቤቴ ወገን ዞሩ። ውኃዬ እንደ ዞረችው። ቤቴ ሲመታ ድምፅ አልሰማሁም፣ ቆርቆሮው ብቻ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነሳ፣ እንደሚበር ነገር፣ ተመልሶ ገባ። ምሰሶ የነበረባቸው ጉድጓዶች፣ የድንች ማሳው… ሁሉም። ከታች ሜዳው ላይ ሲደርስ ደከመው። ቆመ።

ደረጄ ከዓይናለም ቤት በላይ ቆሞ ነበር። በሕይወት። ዓይናለም ነጠላዋን አልብሳው «ልጄን! ልጄን!» ትላለች፣ የወለደችው ይመስል። ዛሬ ትውለደው።

ሰላማዊት መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ቆሜ ነበር፣ ግን የማን ክንድ ይዤ እንደቆምኩ ኋላ ነው ያየሁት። የሙላቴን።

ነሐሴ 21

ሄደን አየነው። ደረጄ እንዳልሄድ ለመነኝ፣ ሄድኩ። ዳርና ዳሩ እንደ ካብ ተክቧል። ከላይ የተኛው ድንጋይ እጅ ከሚያህል እስከ ጎጆ የሚያህል ነው፣ ከሥሩ ልም ጭቃ። ጓዳዬ የነበረበት ላይ ቆሜ ነበር፣ አላወቅኩትም። ሰላማዊት ናት ያወቀችው። ባታወጣኝ ኖሮ እዚህ ሥር ነበርኩ። ዛሬ ሽሮዋን በላሁ፣ ጨውም አልጠየቅኩም።

ርብቃ መጥታ ነበር። ድንጋዩን ዞራ አየች። ደስ አላላትም፣ ልክ በመሆኗ። እጇን ያዝኩ።

ጳጉሜን 3

ዛሬ ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ጠበል ነው ብለው ሕፃናቱ ራቁታቸውን ወጡ። ሙላቴ አውድማው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወዲያም ወዲህም አሁን አንድ ነው፣ ሁሉም ድንጋይ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እግሬ ደክሞት ይሆናል።

«እትዬ» አለኝ። «እንደዚያን ዕለቱ ነበር?»

«ምኑ?»

«ያምናው። እኔ እኮ አላየሁም። ስመለስ ድንጋይ ብቻ ነው ያገኘሁት። አንድም ሰው… እርስዎ ብቻ ነዎት ያዩ። ብጠይቅዎ እፈራ ነበር።»

ዓመት ሙሉ ከእሱ ደብቄ ይዤው እንደነበር አላሰብኩትም። የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነገርኩት። ውኃው እንደጎደለ፣ «እሰይ» እንዳለች፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ አድርጋ እንደ ወረደች። ወደ ማን ስትወርድ እንደነበር። እንደጮህኩ። ቀና ስትል ወደ ላይ ሳይሆን ወደ እኔ እንዳየች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህም በግልጽ አልጻፍኩትም። ሙላቴ ጉልበቱን ይዞ ሰማኝ። ተነስቶ የሚሄድ መሰለኝ። የሚረግመኝ መሰለኝ፣ ስለጮህኩ።

«እንግዲያ ብቻዋን አልነበረችም» አለ።

«ምን?»

«እህቷን እያየች ነው። ብቻዋን አልነበረችም።» ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «ዓመት ሙሉ ብቻዋን ነበረች ብዬ ነው የማስበው።»

እንደዚያ አስቤው አላውቅም። አንድም ቀን። ይቅር በለኝም አላልኩም፣ ይቅር ይበሉኝም አላለም። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ተቀመጥን።